የሞተር ዘይት ውፍረት አመራረጥ፦ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለሚያሽከረክሩ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያመራ ተሽከርካሪ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ጉዞው ደጋንና በረሃን በአንድ ቀን ያቋርጣል። ጎሃ ጽዮን ላይ ነፋሻማውን ደጋ ትቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ አባይ ድልድይ ይወርዳል፤ ድልድዩን እንደተሻገረም ያንኑ የሚያህል ዳገት ወጥቶ ደጀን ይገባል። ከደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ያለው የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው።

በዚህ መልክዓ ምድር የሚያሽከረክሩ ባለ ንብረቶች ዘይት በሚቀይሩበት ጊዜ ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ለደጋው ብርድ ቀጭን ዘይት ይሻላል ወይስ ለአባይ በረሃ ወፍራም? መልሱን አስቀድሞ ለመናገር ያህል፣ የጎጃም ደጋ ብርድም ሆነ የአባይ ሸለቆ ሙቀት የአንድን ዘመናዊ ሞተር የዘይት ቁጥር በዘፈቀደ ለመለወጥ የሚያበቃ ምክንያት አይደለም። ቁጥሩን የወሰነው ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ የባለ ንብረቱ ድርሻ ቁጥሩን ፈልጎ ማግኘት፣ በትክክል ማንበብና ከመደርደሪያው ላይ ያንኑ መምረጥ ነው። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው እዚሁ ላይ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለ የቤንዚን መኪና ሞተር ዕድሜ ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። ሞተር ወርዶ ሲታደስ የሚጠይቀው ወጪ ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ነው፤ በመኪናው ለሚተዳደር ሰው ደግሞ መኪናው ጋራዥ በቆመባቸው ሳምንታት የሚታጣው ገቢ ይታከልበታል። ዘይት ሲገዛ የሚደረግ የሁለት ደቂቃ ማጣራት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ድካም አይደለም።

ውፍረት ሲባል

የዘይት ውፍረት (በባለሙያዎች አጠራር ቪስኮሲቲ) ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያሳየው እንቢታ መጠን ነው። ማር በማለዳ ከማሰሮው አልወርድ እንደሚልና ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚቀጥን ሁሉ፣ የሞተር ዘይትም ሲበርድ ይወፍራል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። በሞተር ውስጥ የዘይቱ ዋነኛ ሥራ ብረት ከብረት እንዳይነካካ በመካከላቸው ስስ ሽፋን መዘርጋት ነው። ሽፋኑ ከሚገባው በላይ ከሳሳ በጭነት ጊዜ ይበጠስና ብረቱ እርስ በርሱ ይፋጫል። ዘይቱ ከሚገባው በላይ ከወፈረ ደግሞ በጠባብ መተላለፊያዎች በቶሎ አልፎ ወደ ሞተሩ ላይኛው ክፍል አይደርስም፤ ፓምፑም ዘይቱን ለመግፋት ጉልበት ያባክናል። ዘይት ከማለስለስ ሌላ ከፒስተኖቹ ሙቀት ተሸክሞ ይወስዳል፤ ጥላሸትንና የብረት ብናኝን ወደ ፊልትሮው ያደርሳል። እነዚህን ሁሉ መሥራት የሚችለው ሲፈስ ብቻ ነው።

በጋሎኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ የተቋቋመው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ኤስ.ኤ.ኢ.፣ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የሞተር ዘይትን በውፍረቱ ሲመድብ ቆይቷል። ዛሬ በጋሎኖች ላይ የሚነበበው 5ደብሊው-30 ወይም 15ደብሊው-40 የሚል ጽሑፍ የዚሁ ምደባ ውጤት ነው።

ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በቀዝቃዛ ጊዜ የሚኖረውን ጠባይ ይገልጻል። አብሮት ያለው ደብሊው ክረምት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቆመ ሲሆን፣ የሚያመለክተውም የእኛን የዝናብ ወራት ሳይሆን የፈረንጆቹን የበረዶ ወራት ነው። ለቁጥሩ የሚደረገው ፈተና ይህን በግልጽ ያሳያል። 0ደብሊው የተባለ ዘይት ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር እንዳይሳነው ሆኖ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 5ደብሊው ከዜሮ በታች በ30፣ 10ደብሊው በ25፣ 15ደብሊው በ20፣ 20ደብሊው ደግሞ በ15 ዲግሪ ይፈተናሉ።

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ሞተሩ ሞቆ በሚሠራበት ጊዜ ያለውን ውፍረት ይነግረናል። ልኬቱ የሚወሰደው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን መለኪያው ሴንቲስቶክ ይባላል። 20 የተባለ ዘይት ከ6.9 እስከ 9.3፣ 30 የተባለ ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40 የተባለ ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 የተባለ ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ውፍረት ይኖረዋል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ደረጃ በ150 ዲግሪ ሙቀት፣ በከፍተኛ ፍጥነት እየተፈጨ ሳለ ሊያሟላው የሚገባ ዝቅተኛ ውፍረት አለው፤ በዳገት ላይ ያለ ሞተር የሚደገፈው በተለይ በዚህኛው መስፈርት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። 5ደብሊው-40 እና 15ደብሊው-40 የተባሉት ዘይቶች ሞተሩ ሲሞቅ በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታየው ሞተሩ ከመሞቁ በፊት ነው። "5 ስለሚል ቀጭን ነው፣ ለዳገት አይሆንም" የሚለው አባባል መሠረት የለውም። በገበያ ላይ "ቀጭን" እና "ወፍራም" የሚሉት ሁለት ቃላት የሚፈጥሩት ግርታም ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ ዘይት ሻጭን በእነዚህ ቃላት ከመጠየቅ ሁለቱንም ቁጥሮች ጠርቶ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለት ቁጥር ያለው ዘይት ሁለቱንም ጠባይ የሚያገኘው በቀዝቃዛ ጊዜ ቀጠን ያለ መሠረታዊ ዘይት ላይ፣ ሙቀት ሲያገኙ የሚዘረጉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ስለሚጨመሩበት ነው። እነዚህ ሞለኪውሎች ከጊዜ ብዛት በሞተሩ ውስጥ እየተቆራረጡ ያጥራሉ። ዘይት በወቅቱ ይቀየር የሚባልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ብዙ የሠራ 40 ቁጥር ዘይት በመኪናው ውስጥ እያለ ወደ 30 ቁጥር ሊወርድ ይችላል።

የደብረ ማርቆስ ማለዳ

በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት በደብረ ማርቆስ የሙቀት መጠኑ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በጮቄ አናት ላይ ደግሞ ውርጭ ይጥላል። ይህ ለሰው ብርድ ነው። ለዘይት ምደባው ግን ገና ሙቀት ነው፤ ከፍ ሲል እንደተገለጸው 20ደብሊው እንኳ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ነውና። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ብርድ ምክንያት የትኛውም ዘይት ረግቶ ሞተሩን አላስነሳ አይልም። ጠዋት መኪናቸው አልነሳ የሚላቸው ባለ ንብረቶች ከዘይቱ በፊት ባትሪውን፣ ካንዴላውንና፣ የናፍጣ ሞተር ከሆነ፣ ማሞቂያውን ቢያስመረምሩ ምክንያቱን ቶሎ ያገኙታል።

ይሁን እንጂ መነሳት አንድ ነገር ነው፤ ዘይቱ በቶሎ መድረሱ ሌላ። በ40 ዲግሪ ሙቀት የተለመደ 5ደብሊው-30 ዘይት ወደ 60 ሴንቲስቶክ፣ 15ደብሊው-40 ወደ 110፣ 20ደብሊው-50 ደግሞ ወደ 160 ሴንቲስቶክ ውፍረት አላቸው። ሙቀቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ማለዳ ሲወርድ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በ10 ዲግሪ ላይ 20ደብሊው-50 ከ5ደብሊው-30 ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ሞተሩ ሌሊቱን ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ያድራል። ጠዋት ሲነሳም ከታች ተስቦ ወደ ቫልቮቹ፣ ወደ ካቴናውና፣ ካለውም ወደ ተርቦው እስኪደርስ ድረስ ክፍሎቹ የሚሠሩት ሌሊቱን በላያቸው በቀረው ስስ ቅባት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው 5ደብሊው ያለውን ሞተር በ20ደብሊው መሙላት በየማለዳው ጥቂት ጥቂት መፈጋትን ይጨምራል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ በዓመታት ይከማቻል።

ይህን ለመቀነስ ብለው ጠዋት ጠዋት መኪናቸውን ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንዲሠራ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ይህን አይፈልግም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቆ በዝግታ መንዳት ሞተሩን ቆሞ ከመሥራት ይልቅ ፈጥኖ ያሞቀዋል፤ ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ሞተሩን አለማስጮህ ብቻ በቂ ነው።

ብርዱ በእርግጥ የሚጎዳበት ሌላ መንገድ አለ። ከተማው ውስጥ ብቻ የሚመላለስ፣ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር እየሄደ የሚቆም መኪና ዘይቱ በሚገባ ሳይሞቅ ይውላል። በዘይቱ ውስጥ የሚገባው እርጥበትና ያልተቃጠለ ቤንዚን ተንኖ ለመውጣት ዕድል አያገኝም። በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ አረፋ ከሥሩ ተለጥፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። አረፋው ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነና የራዲያተሩ ውኃ ካልጎደለ፣ ወደ ደጀን ደርሶ መልስ ዓይነት ረዘም ያለ ጉዞ ሲደረግ ይጠፋል። የመለኪያው ዘንግ ራሱ ወተት የመሰለ ዘይት ይዞ ከወጣ፣ ወይም ውኃው እየጎደለ ከሆነ ግን ውኃ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል መኪናው ሳይነዳ መታየት አለበት። "አገሩ ሞቃት ነው" በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም በደጋ ከተማ ይህንኑ ችግር ያባብሳል፤ ሞተሩ ሊደርስበት ከሚገባው ሙቀት በታች እየሠራ ይቀራል።

የአባይ ዳገት

አሁን ደግሞ ወደ በረሃው እንውረድ። በድልድዩ አካባቢ የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ከደብረ ማርቆስ ማለዳ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፤ ሆኖም በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ሞተር ቴርሞስታት የማቀዝቀዣውን ውኃ ብዙውን ጊዜ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ይይዘዋል። በመሆኑም ሞተሩ አንዴ ከሞቀ በኋላ የውጭው አየር 10 ዲግሪ ይሁን 35 ዲግሪ በዘይቱ ሙቀት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሰው እንደሚገምተው ያህል አይደለም። ዘይቱን ይበልጥ የሚያሞቀው ጭነት ነው።

ጭነት ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ በብዛት አለ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቁልቁለትና ዳገት አንድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የዳገቱ ክፍል መኪናን በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ያሠራል። ከፍታው በጨመረ ቁጥርም አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ያጣል፤ በደጀን ከፍታ ላይ በባሕር ጠረፍ ካለው ጉልበት ቢያንስ አንድ አምስተኛው ይቀንሳል። አሽከርካሪው ይህን ለማካካስ ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ይረግጣል፤ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ያሠራል። ሰው ሞልቶና ዕቃ ጭኖ የሚወጣ ሚኒባስ ዘይቱ ከ100 ዲግሪ አልፎ ወደ 120 ሊጠጋ ይችላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊት የሌለው ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚተን መኪና ያየ ሰው ጥፋቱን በበረሃው ላይ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንድ ትንሽ ክዳን ነው።

ታዲያ ለዚህ ጭነት ከፍ ያለ ቁጥር መጠቀም ይቻላል ወይ? የአምራቾቹ መመሪያ ከፈቀደ ይቻላል። ለምሳሌ የቶዮታ መመሪያዎች የሚመረጠውን ቁጥር ከጻፉ በኋላ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ወይም በከባድ ጭነት ለሚሠራ መኪና ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ከፍ ያለ ዘይት ሊሻል እንደሚችል ይጠቁማሉ። ከ20 ወደ 30፣ ወይም ከ30 ወደ 40 አንድ ደረጃ ከፍ ማለት በዚህ ውስጥ ይካተታል። 0ደብሊው-20 ለሚል ሞተር 20ደብሊው-50 መሙላት ግን ሦስት ደረጃ ዘልሎ መሄድ ነው፤ መመሪያው ያንን አይልም።

በቁልቁለቱ በኩል አንድ የሚያሳስት ምልክት አለ። የቤንዚን መኪና በማርሽ እየተያዘ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ በሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ዘይትን በቫልቮቹ ጎማዎችና በፒስተኑ ፋሻዎች በኩል ወደ ማቃጠያው ክፍል ይስባል። ድልድዩ ላይ ደርሶ ነዳጅ ሲሰጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ይወጣና ይጠፋል። ይህን ያየ አሽከርካሪ "ዘይቱ ቀጥኗል" ብሎ ይደመድማል። ጭሱ የሚናገረው ግን ስለ ጎማዎቹና ስለ ፋሻዎቹ ማርጀት ነው። በማርሽ ተይዞ መውረዱን መተው ደግሞ ፈጽሞ መፍትሔ አይሆንም፤ ፍሬን ብቻ ይዞ የአባይን ቁልቁለት መውረድ ከማንኛውም የዘይት ጉዳይ የከፋ አደጋ ነው።

"ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል"

ይህ አባባል በጋራዦች ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ለድሮዎቹ ሞተሮች የተወሰነ እውነት ነበረው። ክፍተቶቻቸው ሰፋ ያሉ፣ ዘይት መተላለፊያዎቻቸው ትላልቅ፣ አሠራራቸውም ቀለል ያለ በመሆኑ ወፍራም ዘይት የሞተሩን ድምፅ ያለዝብ፣ የሚበላውንም ዘይት ይቀንስ ነበር። በዚያ ዘመን ሙያውን የተማሩ መካኒኮች ይህን ማስታወሳቸው አያስወቅሳቸውም።

የዛሬው ሞተር ግን ዘይትን የሚጠቀምበት ለማለስለስ ብቻ አይደለም። በቪትዝ፣ በያሪስና በኮሮላ ዓይነት መኪኖች ላይ ያለው የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚቀያይር መሣሪያ የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ወደዚህ መሣሪያ የሚደርሰው በጣም ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎችና በትንሽ ወንፊት አልፎ ነው። ከተፈቀደው በላይ የወፈረ ዘይት በተለይ በቀዝቃዛ ጊዜ መሣሪያውን ያዘገየዋል፤ ሞተሩ ጠዋት ይንተፋተፋል፣ ጉልበት ያጣል፣ የሞተር መብራትም ሊበራ ይችላል። የካቴናው መወጠሪያ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። የተርቦ ዘንግም በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ እየተሽከረከረ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ዘይት የሚጠርጉት የፒስተን ፋሻዎች ቀዳዳዎቻቸው ደቃቅ በመሆናቸው ከደረጃ በታች በሆነ ወይም ሳይቀየር በቆየ ዘይት ይደፈናሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ባለ ንብረቱም ለዚህ መፍትሔ ብሎ ይበልጥ ወፍራም ዘይት ይሞላል፤ ችግሩ ተሸፍኖ ይቀጥላል።

ዘይት የሚበላን ሞተር በተመለከተ ሊደረግ የሚገባው በቅድሚያ መጠኑን መለካት ነው። በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት ዘይት እንደተጨመረ ተጽፎ ከተያዘ ለመካኒኩ ከየትኛውም ገለጻ በላይ ይጠቅመዋል። ፍጆታው በዝቶ የፋሻዎቹ ማርጀት ከተረጋገጠና ሞተሩን ለማደስ አቅም ከሌለ፣ በመመሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን ከፍተኛውን ቁጥር መጠቀም ጊዜ ይገዛል። ይህን ማወቅ ተገቢ ነው፤ ጥገና ነው ብሎ ማሰብ ግን አይገባም።

መመሪያው ከሌለ

ወደ አገራችን የገቡ ብዙ መኪኖች ቀደም ሲል በሌላ አገር ያገለገሉ በመሆናቸው የባለ ንብረት መመሪያቸው ጠፍቶ ወይም በማይነበብ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው የዘይት መሙያው ክዳን ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ ቁጥሩ በክዳኑ ላይ ታትሟል። ክዳኑ ቁጥር ከሌለው፣ ወይም በሌላ መኪና ክዳን ተተክቶ ከሆነ (ይህም አልፎ አልፎ ያጋጥማል)፣ በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን የሞተር ዓይነት መለያ ጽፎ በመያዝ ከአምራቹ ወኪል ወይም ከአምራቹ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይቻላል። የመኪናው ስም ብቻውን አይበቃም፤ ቪትዝ ተብለው የሚጠሩት መኪኖች ሁሉ አንድ ሞተር የላቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊጤን ይገባል። ተመሳሳይ ሞተር ለተለያዩ አገሮች ሲላክ የተለያየ ቁጥር ሊጻፍለት ይችላል። ነዳጅ የመቆጠብ ሕግ በጠበቀባቸው እንደ ጃፓንና አሜሪካ ባሉ አገሮች 0ደብሊው-20 የተባለው ሞተር፣ በሌሎች ገበያዎች መመሪያ ውስጥ 5ደብሊው-30ንም ሊፈቅድ ይችላል። ሠንጠረዡ ሁለቱንም የሚፈቅድ ከሆነ፣ የአባይን ዳገት አዘውትሮ ለሚወጣ መኪና 5ደብሊው-30 ሚዛናዊ ምርጫ ነው። ሠንጠረዡ 0ደብሊው-20ን ወይም 0ደብሊው-16ን ብቻ የሚል ከሆነ ግን በዚያው መጽናት ይገባል፤ ፓምፑም ሆነ መተላለፊያዎቹ የተሠሩት ለዚያ ነው።

ከባድና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች

በአካባቢው እህል የሚያመላልሱ የናፍጣ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው 15ደብሊው-40 ይጠቀማሉ፤ ለነዚህ ከውፍረቱ እኩል መታየት ያለበት በጋሎኑ ላይ ያለው የጥራት ደረጃ ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት (ኤ.ፒ.አይ.) ለናፍጣ ሞተሮች በ"ሲ"፣ ለቤንዚን ሞተሮች በ"ኤስ" የሚጀምሩ መለያዎች ይሰጣል። ሲ.አይ-4 እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሲ.ኬ-4 በ2016 መጨረሻ፣ ኤስ.ኤን በ2010፣ ኤስ.ፒ ደግሞ በ2020 ሥራ ላይ ውለዋል። ለቤንዚን ሞተሮች ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ አዲሱ ለአሮጌው ሞተር ያገለግላል፣ አሮጌው ግን ለአዲሱ አይበቃም። ትክክለኛ ቁጥር ያለው ነገር ግን ኤስ.ኤፍ የሚል ዘይት ለዛሬ ሞተር ከዘመኑ ወደ 40 ዓመት የዘገየ ነው።

ባጃጅ የራሱ ጉዳይ አለው። የሞተር ዘይቱ ፍሪሲዮኑንም ስለሚያርሰው ለአራት ምት ሞተር ሳይክል የተሠራ ዘይት ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም 20ደብሊው-50 ነው። ግጭትን የሚቀንሱ ቅመሞች ያሉት የአውቶሞቢል ዘይት ከተሞላ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው፤ ለባጃጅ በብዛት የሚገዛው ዘይት በሱቁ ውስጥ ስላለና ዋጋው ስለሚቀንስ ብቻ ወደ አውቶሞቢል ሊገባ አይገባም።

በሚገዛበትና በመንገድ ላይ

ዘይት ከተከፈተ በርሜል እየተቀዳ ሲሸጥ ገዢው ቁጥሩንም ደረጃውንም ማረጋገጥ አይችልም፤ አቧራና ውኃም ይገባበታል። ማሸጊያው ያልተነካ ጋሎን ከታወቀ ማደያ ወይም ሻጭ በደረሰኝ መግዛት፣ ዘይት ሲቀየርም ፊልትሮውን አብሮ መቀየርና የተቀየረበትን ቀን፣ የኪሎ ሜትር ንባብና የዘይቱን ሁለት ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከኮፈኑ ሥር መለጠፍ ይመከራል። ዘይት በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ መጥቆሩ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ጥላሸቱን እየሰበሰበ ነው ማለት ነው። በአቧራማ መንገድ፣ በረጅም ዳገትና በአጫጭር ጉዞ ለሚሠራ መኪና መመሪያዎቹ የመቀየሪያውን ጊዜ ያሳጥራሉ፤ በ10,000 ኪሎ ሜትር የተባለው ብዙውን ጊዜ ወደ 5,000 ይወርዳል። የጎጃም ደጋ አሽከርካሪ ሦስቱንም ስለሚያሟላ አጭሩን ቢከተል ይበጀዋል።

የዘይቱ መጠን የሚታየው መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ የታየ መለኪያ ይዋሻል። በዳገቱ መካከል የዘይት መብራቱ ቢበራ፣ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ቢጠፋም እንኳ፣ ደህና ቦታ ላይ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል፤ ግፊት አጥቶ የሚሠራ ሞተር ሊነክስ የሚችለው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። መጠኑ ጎድሎ ከተገኘና በቅርብ የሚገኘው ዘይት ቁጥሩ የተለየ ከሆነ፣ ጎድሎ ከመሄድ ያገኙትን የታወቀ የሞተር ዘይት መጨመር ይሻላል። ተመሳሳይ ዓላማ ያላቸው የሞተር ዘይቶች፣ ሲንተቲክም ሆኑ ተራ፣ ሲቀላቀሉ አይረጉም፤ ውፍረታቸው በመካከል ላይ ይሆናል። ከመለኪያው የላይኛው ምልክት እንዳያልፍ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ከልክ ያለፈ ዘይት አረፋ ይሠራና ግፊት ያሳጣል። ከተማ ሲደርሱም የተቀላቀለውን አስወጥተው በትክክለኛው ቁጥር እንዲተካ ያድርጉ።